የጠረጴዛ መብራትና የዓይን ድካም፦ አንድ አምፖል ባላት ክፍል ውስጥ ዓይን ሳይቃጠል ለማንበብ፣ ከሀ እስከ ፐ

ማታ ቁጭ ብላችሁ ሁለት ገጽ ሳታነቡ ዓይን መቆጥቆጥ፣ ግንባር መያዝ፣ ፊደሉ መደራረብ ሲጀምር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሚያስበው ወይ "መነጽር ያስፈልገኛል" ወይ "አምፖሉ ደክሟል፣ ትልቅ ዋት ልግዛ" ነው። መነጽሩ እውነትም ሊያስፈልግ ይችላል፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ትልቁ ዋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብር ማባከን ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው አምፖሉ ጉልበት ላይ ሳይሆን አምፖሉ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ኮርኒስ ላይ ከተሰቀለ 20 ዋት ይልቅ መጽሐፋችሁ አጠገብ በትክክል የተቀመጠ 5 ዋት ይበልጣል፣ ይሄን ከታች በቁጥር እናየዋለን።

ይሄ መመሪያ ለማትሪክ ሚያጠና ተማሪ፣ ደረሰኝ ሲደምር ሚያመሽ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጥልፍ ምትጠልፍ፣ ልብስ ሚሰፋ፣ ሞባይል ሚጠግን፣ ብቻ ከዓይኑ ስር ያለ ነገር ላይ አፍጥጦ ለሚውል (ለሚያመሽ) ሰው ሁሉ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ መሀል ኮርኒሷ ላይ አንድ አምፖል ያላት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ምንኖረው ከዛ ነው ምነሳው።

መጀመሪያ ግን ዓይን ለምን እንደሚደክም

ቅርብ ያለ ነገር ስናይ ዓይናችን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ትኮማተርና ሌንሱ እንዲወፍር ታደርጋለች። መጽሐፉ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ ሚያስፈልገው ጉልበት 2.5 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ነው፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ካስጠጋችሁት 5 ይሆናል፣ ማለትም ልክ እጥፍ። አሁን መብራቱ ደብዘዝ ሲል ምን እንደምታደርጉ አስቡት፣ ሳታውቁት ወደ መጽሐፉ ትጎነበሳላችሁ፣ አይደል? በቃ ድካሙ ከዛ ይጀምራል፣ ጡንቻዋ እጥፍ ትሠራለች፣ አንገትና ትከሻ ይጎብጣል፣ በዛ ላይ በጭለማ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ምስሉ ራሱ ጥራቱ ይቀንሳል፣ እሱን ለማጥራት ደግሞ ዓይናችንን ጨፈን እናደርጋለን፣ ግንባራችን ይኮሳተራል፣ ትንሽ ቆይቶ ያ የግንባር ሕመም ይመጣል።

ለኛ ፊደል ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይብሳል ብዬ አስባለሁ። ለ፣ ሉ፣ ሊ ሚለዩት እግራቸው ላይ ባለች ቅጥያ ነው፣ ነ እና ን ም ሚለዩት በትንሽ ምልክት ነው፣ ትንንሾቹን የኪስ ጸሎት መጻሕፍት ወይም አሥር ጊዜ ፎቶኮፒ የተደረገ ሃንድአውት አስቡት፣ ቅጥያዋ ግማሽ ጠፍታለች፣ ቀለሙ ግራጫ ሆኗል። እንደዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጥርት ካለ አዲስ መጽሐፍ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል።

"በደብዛዛ መብራት አታንብብ ዓይንህ ይጠፋል" ሚለውን የእናቶች ቁጣ በተመለከተ፣ አዋቂ ሰው በደብዛዛ መብራት ስላነበበ ዓይኑ በቋሚነት አይበላሽም። ይደክማል፣ ይቃጠላል፣ እንባ ያቀራል፣ ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል። ግን ነገ ማታም ስለሚደገም ማስተካከሉ ዋጋ አለው።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትገዙ ጠረጴዛውን አንቀሳቅሱ

ቀን ላይ ምታነቡ ከሆነ ከመስኮት የተሻለ መብራት የለም። ሰማይ ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ብዙ ሺህ ሉክስ ነው (ሉክስ ማለት አንድ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ የብርሃን መጠን ነው፣ አሁን በተደጋጋሚ እንጠቀምበታለን)፣ መስኮት አጠገብ ሲደርስ በጣም ቢቀንስም ከኮርኒስ አምፖል ይበልጣል።

መስኮቱ በጎናችሁ ይሁን። ፊት ለፊት ከሆነ ዓይናችሁ የሰማዩን ብርሃንና የገጹን ብርሃን እያፈራረቀ ሲለካ ይውላል፣ ከኋላችሁ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ጥላ መጽሐፉ ላይ ያርፋል፣ ኮምፒውተር ካለማ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ተንጸባርቆ ያሳብዳችኋል። ቀኝ እጃችሁ ምትጽፉ ከሆነ መስኮቱ በግራ፣ ግራኝ ከሆናችሁ በቀኝ።

ውጪ አገር የተጻፉ መመሪያዎች "ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት ፈልጉ፣ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም" ይላሉ፣ ይሄ ለአውሮፓ ነው ሚሠራው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን ምትርቀው፣ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው ምታልፈው፣ ጠዋትና ከሰዓት ደግሞ በሰሜኑ መስኮት በጎን ትገባለች። ግንቦት ላይ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ሰሜን ያየ መስኮት ስር ተቀምጣችሁ ነጭ ገጽ ላይ ፀሐይ ሲያርፍባችሁ ምክሩ የት እንደገባ ትገረማላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ስስ ነጭ መጋረጃ። ወፍራሙን ዘግታችሁ መብራት ከምታበሩ ስሱን ጋርዳችሁ የቀኑን ብርሃን ተጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ የጥላ ምርመራ

ማታ ሲሆን፣ የኮርኒሱን አምፖል ብቻ አብሩና ሁሌ እንደምትቀመጡት ተቀመጡ። ነጭ ወረቀት ዘርጉ። ወረቀቱ ላይ የማን ጥላ ነው ያለው?

ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ተከራይ ቤት ውስጥ ሁሌ ሚሆነው ይሄ ነው፦ ጠረጴዛው ግድግዳ ላይ ተጠግቷል፣ አምፖሉ መሀል ላይ ነው፣ ስለዚህ ስትቀመጡ አምፖሉ ከጀርባችሁ ይሆንና ጭንቅላታችሁ በትክክል መጽሐፉ ላይ ጥላ ይጥላል። ምን ያህል ዋት ብትጨምሩ ጥላው እዛው ነው፣ እንዲያውም ዙሪያው ሲደምቅ እሱ የበለጠ ይጠቁራል። ጠረጴዛውን ዘጠና ዲግሪ አዙራችሁ ጎናችሁ ወደ ክፍሉ መሀል እንዲሆን ማድረግ ከቻላችሁ ግማሹ ችግር ያለ ምንም ወጪ አለቀ። አልጋው አላስዞር ካለ (ክፍሏን አውቃታለሁ) ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን እንየው

አንድ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን (አምፖሉ በጠቅላላ ሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) አካባቢ ይሰጣል፣ ድሮ 60 ዋት እንለው የነበረው ሚያቃጥለው አምፖል ሚሰጠውን ያህል ማለት ነው። ኮርኒስ ላይ ሲሆን ከጠረጴዛችሁ ወደ 1.7 ሜትር ይርቃል፣ እዛ ደርሶ ከግድግዳ ሚመለሰው ተጨምሮበት 50 እስከ 100 ሉክስ ቢሰጣችሁ ነው። ለቢሮ ንባብና ጽሕፈት የአውሮፓ ስታንዳርድ ሚጠይቀው 500 ሉክስ ነው። ክፍተቱን አያችሁት?

አሁን 5 ዋት፣ 400 ሉመን የሆነች ትንሽ አምፖል ባርኔጣ ያለው ቴብል ላምፕ ውስጥ አድርጋችሁ ከገጹ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቀምጧት፣ ስሌቱ ወደ 500 ሉክስ ይመጣል፣ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 800 ይጠጋል። ዋቱ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ጨመረ። ምስጢሩ ርቀት ነው፣ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፣ ግማሽ ስታደርጉት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሱቅ ሄዳችሁ 20 ዋት ከመግዛታችሁ በፊት ያለችውን ማቅረብ ነው።

ስልካችሁ ላይ የሉክስ መለኪያ አፕ አውርዱ፣ ነፃ ናቸው። አንድሮይድ ላይ ሴንሰሩ ከፊት ለፊት፣ ከስክሪኑ ላይኛው ጫፍ አካባቢ ነው ያለው፣ ስለዚህ ስልኩን ስክሪኑ ወደ ላይ አድርጋችሁ መጽሐፉ ሚቀመጥበት ቦታ ላይ አጋድሙት እንጂ ወደ አምፖሉ አትቀስሩት። እነዚህ አፖች ልክክ ያለ ቁጥር አይሰጡም፣ ግን 80 ይሁን 400 ለመለየት ይበቃሉ፣ ሌላም አንፈልግም። ለንባብ ከ300 እስከ 500፣ ለስፌትና ለጥልፍ 750 እና ከዛ በላይ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ላምፑን ስትገዙ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ነው፣ እናንተ ግን በትንሹ የተጻፈውን ሉመን ፈልጉ። ዋት ቆጣሪያችሁ ሚቆጥረው ነው፣ ብርሃኑ ሉመን ነው። ከ400 እስከ 500 ሉመን ለአንድ ሰው ጠረጴዛ በቂ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ቁጥርና ኬ ሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ታያላችሁ፣ ኬልቪን ነው። 2700 ቢጫማው ነው፣ 4000 መሀለኛው፣ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ ሚያደላው ነጭ። እዚህ ሱቅ ስትገቡ "ነጩን ነው ቢጫውን?" ብለው ነው ሚጠይቋችሁ፣ ነጩ ካሉ ብዙ ጊዜ 6500 ነው። ለማንበብ ሁለቱም ያስነብባል፣ እውነቱን ለመናገር ድካም ላይ ከቀለሙ ይልቅ መጠኑና አቀማመጡ ነው ሚወስነው፣ ግን ማታ እስከ 4 ሰዓት 5 ሰዓት ምታመሹ ከሆነ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን እንቅልፍ ያዘገያል፣ ስለዚህ 4000 ካገኛችሁ እሱን፣ ካጣችሁ ቢጫውን ውሰዱና ትንሽ አቅርቡት።

ሌላ ካርቶኑ ላይ ምትታይ ነገር ሲአርአይ ናት፣ ቀለም ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚታይ ምትለካ ቁጥር። ለንባብ 80 በቂ ነው። ጥለት ምትመርጡ፣ ክር ምታዛምዱ፣ ሥዕል ምትሠሩ ከሆነ ግን 90 እና ከዛ በላይ ፈልጉ፣ አለበለዚያ ማታ አንድ ዓይነት የመሰላችሁ ሁለት ክር ጠዋት ደጅ ሲወጣ የተለያየ ይሆናል።

ቅርጹን ስታዩ ሦስት ነገር፦ ባርኔጣው ብርሃን ማያሳልፍ ይሁን፣ አንገቱ ሚታጠፍ ይሁን፣ ኤልኢዲዎቹ ፊት ለፊት ደግሞ ነጭ ፕላስቲክ ሽፋን ይኑራቸው። ብዙ ነጥብ ነጥብ ኤልኢዲ ራቁታቸውን ሚታዩበት ላምፕ ዓይን ይወጋል፣ እስክሪብቷችሁም አንድ ሳይሆን ተደራራቢ ጥላ ያወጣል። አልጋ አጠገብ ሚደረገው የጨርቅ አባጁራ ያምራል፣ ለማንበብ ግን ብርሃኑን ዙሪያውን ስለሚበትነው ለጌጥ ይቅር።

"ዓይን ጠባቂ" ምናምን ተብሎ በተጨማሪ ብር ሚሸጠውን እለፉት። ሰማያዊ ብርሃን ያጣራል ተብሎ ሚሸጠው መነጽርም እንደዛው፣ ኮክሬን ሚባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ ሚመዝን ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራ መነጽር በተለየ እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ያንን ብር ጥሩ አንገት ያለው ላምፕ ግዙበት።

ዘመድ ከአሜሪካ ላምፕ ካመጣላችሁ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩን አንብቡ። እዛ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። "100 - 240" ካለ ችግር የለውም፣ 120 ብቻ ካለ ግን አንዴ ቦግ ብሎ ይሰናበታችኋል።

ደረጃ 5፦ ሚርገበገብ መሆኑን ፈትሹ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ ሰርኪዩት ያለው ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በዓይን አይታይም፣ ፈጣን ነው። ግን ዓይናችሁ መስመር ሲከተልና ሲዘል ይረብሸዋል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ራስ ምታት ያመጣል። እንግሊዝ አገር አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የቢሮ ፍሎረሰንት መብራቶች ማይርገበገብ ብርሃን በሚሰጥ ባላስት (ወደ መብራቱ ሚሄደውን ኤሌክትሪክ ሚቆጣጠረው ዕቃ) ሲቀየሩ የሠራተኞቹ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ ነው የቀነሰው። ያ የድሮ ባላስት ያለው፣ "ዝዝዝ" ሚለው ረጅም ፍሎረሰንት አሁንም ብዙ ቢሮና ክፍል ውስጥ አለ።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ሌላውን መብራት አጥፉና ላምፑን ብቻ አብሩ፣ የስልካችሁን ካሜራ ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ መብራቱ ያረፈበትን ነጭ ወረቀት ቅረጹ፣ ቪዲዮውን ስታዩት ወረቀቱ ደመቅ ደብዘዝ እያለ ሚመታ ከሆነ ይርገበገባል። ስሎው ሞሽን ከሌላችሁ እስክሪብቶ ያዙና ከላምፑ ስር በፍጥነት ግራ ቀኝ አወዛውዙ፣ ጥሩ መብራት ስር እስክሪብቶው ወጥ የሆነ ደብዛዛ ጥላ ሆኖ ይታያል፣ ሚርገበገበው ስር ግን ተለያይተው የቆሙ ብዙ እስክሪብቶዎች ይመስላል። ሱቅ ውስጥ አምፖል ሲሞክሩላችሁ ይሄን አድርጉት፣ ባለሱቁ ግራ ሊገባው ይችላል፣ ይግባው።

ሌላው መርገብገብ በዓይን ሚታየው ነው፣ ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ መብራቱ ዝቅ ሲል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሚበላ ነገር ስለሆነ ደካማ መስመር ላይ ቮልቴጁን ይጎትተዋል። ካርቶኑ ላይ ሚቀበለው ቮልት ሰፊ የሆነ (ለምሳሌ ከ85 እስከ 265) አምፖል ይሄን ይችለዋል። ከዛም ሚሻለው በዩኤስቢ ሚሠራ ላምፕ ነው፣ በስልክ ቻርጀር ወይም በፓወር ባንክ ስለሚሠራ የምጣዱ ጣጣ አይነካውም። አንድ ነገር ብቻ፣ አንዳንዶቹ ብርሃኑን ዝቅ ስታደርጉት መርገብገብ ይጀምራሉ፣ ስለዚህ በሙሉም በዝቅተኛም ብርሃን ፈትሹት።

ደረጃ 6፦ አቀማመጥ

ላምፑን ቀኝ እጅ ሚጽፍ በግራው፣ ግራኝ በቀኙ፣ ከፊት ትንሽ ገባ አድርጎ ያስቀምጥ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ መብራቱ በቀኝ ከሆነ የእጃችሁ ጥላ አሁን የጻፋችሁትን ቃል ይሸፍነዋል፣ እናንተም ለማየት ትጣመማላችሁ።

ከፍታው ከገጹ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ከዛ ካወረዳችሁት ትንሽ ክብ ብቻ ያበራና የመጽሐፉ አንዱ ገጽ ጨለማ ይሆናል፣ ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ አምፖሉ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ደንቡ አንድ ነው፣ ቀና ብላችሁ በተቀመጣችሁበት አምፖሉ ራሱ መታየት የለበትም፣ ባርኔጣው ጠርዝ ከዓይናችሁ በታች ይሁን።

ቀጥሎ የነጸብራቅ ምርመራ። ስልካችሁን ስክሪኑን አጥፉና ጥቁር እንደሆነ መጽሐፉ ላይ፣ ምታነቡበት መስመር ላይ አስቀምጡት። እንደ ሁሌው ተቀምጣችሁ ስክሪኑ ውስጥ አምፖሉ ይታያችኋል? ከታየ ያ ብርሃን ከገጹም ላይ ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችሁ እየመጣ ነው ማለት ነው፣ በተለይ ሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ቀለም ግራጫ ይሆናል፣ "መብራቱ በቂ ነው ግን አይነበበኝም" ሚባለው ነገር ይሄ ነው። ላምፑን ወደ ጎን ግፉት፣ እንደገና እዩ፣ ምስሉ ከስክሪኑ እስኪወጣ ድረስ። የአምስት ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀስ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ቢሮ ያላችሁ ደግሞ፣ ያ ጠረጴዛ ላይ ሚደረገው መስታወት አለ አይደል፣ ስሩ የስልክ ቁጥርና የካላንደር ወረቀት ሚደረድሩበት። እሱ ቀኑን ሙሉ የኮርኒሱን ፍሎረሰንት ከታች ወደ ላይ እየመለሰ ዓይናችሁን ያጭበረብረዋል። አንሱት ማለት አይቻል ይሆናል፣ ግን ምትሠሩበት ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ማያብረቀርቅ ካርቶን ወይም ጨርቅ አንጥፉበት። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ይሁን፣ ነጭ ገጽ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ልዩነቱ ራሱ ያደክማል።

ደረጃ 7፦ የኮርኒሱን መብራት አታጥፉ

ብዙ ሰው ላምፕ ሲገዛ ክፍሉን አጨልሞ ላምፑን ብቻ ያበራል፣ ለትኩረት ጥሩ ይመስላል፣ ፊልም ላይም እንደዛ ነው ሚያሳዩን። ዓይን ግን ከገጹ ቀና ባለ ቁጥር ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ሲወርድ ብሌኑ እንደገና ይጠብባል፣ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ። የመብራት ባለሙያዎች ሚጠቀሙበት ልክ፣ ገጹ ከአጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ራቅ ካለው ግድግዳ ደግሞ ከአሥር እጥፍ በላይ መድመቅ የለበትም ሚል ነው። ስለዚህ ኮርኒሱ ይብራ፣ ላምፑ ይጨመርበት። የተኛ ሰው ካለና ኮርኒሱን ማብራት ካልተቻለ ሌላ ደከም ያለች መብራት ከጀርባችሁ ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አብሩ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ አርፋ ለስለስ ብላ ትመለሳለች።

ኮምፒውተር ላይም ሕጉ ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ አጠገቡ ላምፑ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ያዙ፣ ስክሪኑ ከወረቀቱ ጎልቶ ሚያበራ ከሆነ ብራይትነሱን ቀንሱ፣ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። ላምፑ ወረቀቱን እንጂ ስክሪኑን አይምታው።

መብራት ሲሄድ

አንድ ሻማ አንድ ሜትር ላይ በግምት 1 ሉክስ ነው ሚሰጠው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ብታስጠጉት 11 ገደማ ይሆናል። 300 ከምንለው ጋር አወዳድሩት። ኩራዝ ጭሱ ራሱ ዓይን ስለሚያቃጥል ጭራሽ አይሆንም። ቻርጅ ሚደረጉት መብራቶች ጥሩ ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ ባትሪያቸው ሲወርድ ቀስ እያሉ ይደበዝዛሉ፣ ቀስ ስለሚል አይታወቃችሁም፣ መጽሐፉ አፍንጫችሁ ላይ ሲደርስ ነው ምትነቁት። ፓወር ባንክና ዩኤስቢ ላምፕ እስከ መጨረሻው እኩል ያበራል፣ ስለዚህ እኔ እሱን ነው ምመክረው።

የስልክ ፍላሽ ላይ የውሃ ሃይላንድ ማስቀመጥ ሚባለው ዘዴ ለራት ይሆናል፣ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ለንባብ ግን ያንሳል። ከዛ ይልቅ ፍላሹን ከጎን ከፍ አድርጋችሁ፣ ስስ ነጭ ወረቀት ፊቱ ላይ ጋርዳችሁ፣ በቀጥታ ገጹ ላይ ጣሉት።

ስለ ስፌትና ስለ ትልልቅ ሰዎች

ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ምትሰፉ ከሆነ ከላይ ቀጥ ብሎ ሚወርድ መብራት ምንም አያሳያችሁም፣ ሁሉም ነገር ጥቁር ነው። ላምፑን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን፣ ጨርቁን ገርፎ እንዲያልፍ አድርጉት፣ ያኔ እያንዳንዷ ስፌት የራሷን ትንሽ ጥላ ትጥልና ትለያለች። መኪናው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል መርፌዋን ብቻ ነው ምታሳየው፣ ጨርቁ ሚመጣበትን ጎን ግን እናንተ ናችሁ ማብራት ያለባችሁ።

እናት አባት ቤት ካሉ የነሱን ከናንተ ጋር አታወዳድሩ። የ60 ዓመት ሰው ብሌኑ ስለሚጠብና ሌንሱ ቢጫ ስለሚሆን ሬቲናው (ዓይን ውስጥ ከኋላ ብርሃን ሚቀበለው ክፍል) ላይ ሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ልጅ ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። ንጋት ላይ ተነስተው ዳዊት ሚደግሙት አባባ "መብራቱን አምጣልኝ" ሲሉ "በርቷል እኮ አባባ" ማለት ትርጉም የለውም፣ ለናንተ በርቷል። የራሳቸው ላምፕ ይኑራቸው፣ ቢጫማ ይሁን፣ ባርኔጣው ደህና አድርጎ ይሸፍን፣ ምክንያቱም ብርሃን ይፈልጋሉ ግን ሚወጋ ነጸብራቅ ከወጣት ይልቅ ነው ሚያስቸግራቸው።

ደረጃ 8፦ ዕረፍት፣ ርቀት፣ ከዛ ሐኪም

መብራቱ ልክ ከሆነ በኋላ ጀርባችሁን ቀና አድርጉ። መጽሐፉ ከዓይናችሁ ሚርቀው ጭብጣችሁን ጉንጫችሁ አጠገብ ስታደርጉ ክርናችሁ ሚደርስበትን ያህል ነው፣ ማለትም ከክርን እስከ ጣት አንጓ፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ወይም ከዛ በላይ ራቅ ያለ ነገር እዩ፣ ክፍሏ 6 ሜትር ከሌላት በመስኮት። ስክሪን ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሆን ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ ክፈቱ፣ ሰው ስክሪን ሲያይ ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል፣ ያ የአሸዋ ስሜት ከመብራት ሳይሆን ከድርቀት ሊሆን ይችላል።

ልጆች ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥሩ ላምፕ ስለተገዛላቸው ቀኑን ሙሉ ቤት ይዋሉ ማለት አይደለም። ደጅ ብርሃን ላይ መቆየት ልጆችን ሩቅ ማየት ካለመቻል እንደሚከላከል በጥናት የታየ ነገር ነው፣ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ይጫወቱ።

ይሄን ሁሉ አስተካክላችሁ አሁንም ግንባር ሚይዛችሁ ከሆነ፣ ፊደሉ ሁለት ሚሆን ከሆነ፣ ወይም ዕድሜያችሁ 40ን አልፎ መጽሐፉን እያራቃችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ የመነጽር ምርመራ ነው ሚያስፈልጋችሁ። ድንገት የዓይን መቅላትና ኃይለኛ ሕመም፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት መታየት፣ የብርሃን ብልጭታ ወይም እይታ ላይ መጋረጃ የመሰለ ነገር ካለ ግን ላምፕ ሳታስተካክሉ በዛው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ለመነጽር ስትሄዱ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ ምታነቡበትን ወይም ምትሰፉበትን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ያዙ፣ ስክሪኑን 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሚያይ ሰውና 30 ላይ ሚጠልፍ ሰው አንድ ዓይነት መነጽር አይታዘዝላቸውም።